ከዓመታት በኋላ ወደ ኦንላይን ጌማችሁ ስትመለሱ፦ ከፓስወርዱ እስከ መጀመሪያው ዳንጀን

ካራክተሬ ጥያት የሄድኩበት ቦታ ቆማ ጠበቀችኝ። የእንግዳ ማረፊያው ውስጥ፣ ከምድጃው አጠገብ፣ ያንኑ ሰማያዊ ካባ እንደለበሰች። 3 ዓመት አልፏል። ሙዚቃው ሲጀምር ሆዴ ባባ። ከዚያ ዓይኔ ወደ ስክሪኑ ግርጌ ወረደ። ከደረደርኳቸው የስኪል (የካራክተሯ ችሎታዎች) አዝራሮች ግማሾቹ ባዶ ሆነዋል። ከቀሩት ውስጥ አራቱን አላውቃቸውም። ቦርሳዬ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ የገዛ ዕቃዬ የሰው ዕቃ መሰለኝ።

ያም ሆኖ አላመነታሁም። "ይቺን ካራክተር 5 ዓመት ተጫውቼባታለሁ" ብዬ ቀጥታ ሂለር (የቡድኑ ፈዋሽ) ሆኜ ዳንጀን (በቡድን የሚገባበት የውጊያ ቦታ) ገባሁ። 10 ደቂቃ ሳይሞላ አምስታችንም ሞትን። ከቡድኑ አንዱ "መጀመሪያህ ነው?" ብሎ ጻፈ። በክፋት አልነበረም፤ የእውነቱን ነው የጠየቀው። መልስ ሳልሰጥ ወጣሁ። ጌሙን ለ2 ወር ደግሜ አልከፈትኩትም።

ሁለተኛው አመጣጤ ሌላ ነበር። ቀስ ብዬ፣ እንደ አዲስ ሰው ገባሁ። እስከ ዛሬም እየተጫወትኩ ነው፤ የድሮ ጓደኞቼንም አንድ በአንድ በዚሁ መንገድ መልሻለሁ። እንዳየሁት ከሆነ ተመልሶ የሚጠፋውን ሰው የሚያባርሩት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ናቸው። ያመለጠውን ሁሉ በአንድ ሌሊት ሊይዝ ይሮጣል፣ ግራ ይገባዋል፣ ይዘጋዋል። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል እነዚያን ሰዓታት በደህና ለማለፍ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

1. ምን እንደናፈቃችሁ ለዩ

ጌሙን ከማውረዳችሁ በፊት ወረቀት ላይ አንድ መስመር ጻፉ። "የናፈቀኝ..." ብላችሁ ጀምሩና ጨርሱት። ታሪኩ ነው? ከሰው ጋር ሆኖ ከባድ ቦስ (ትልቅ ጠላት) መጣል ነው? ዓለሙ ውስጥ ዝም ብሎ መዞር ነው? ወይስ ያኔ አብረዋችሁ የነበሩት ልጆች?

መልሱ የት እንደምትገቡ ይወስናል። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍትን እንውሰድ። የወጣው በ2004 ነው። በዲሴምበር 2010 ካታክሊዝም የተባለው ማስፋፊያ (በጌሙ ላይ የሚጨመር ትልቅ አዲስ ክፍል) መጣና የጥንቶቹን ሁለት አህጉሮች ገለባበጣቸው። መሬቱ ተሰነጠቀ፣ ሜዳው በውኃ ተጥለቀለቀ፣ ብዙዎቹ የድሮ ተልዕኮዎች ጠፉ ወይም ተለወጡ። በ2005 የተጫወታችሁበት ያ መንደር ከሆነ የናፈቃችሁ፣ አሁን ባለው ዋናው ጌም ውስጥ እንደነበረ አታገኙትም። ለእናንተ የሚሆነው በኦገስት 2019 የተከፈተው፣ ክላሲክ የተባለው የድሮው ጌም ቅጂ ነው። ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕም እንዲሁ ነው፤ በፌብሩዋሪ 2013 ሲከፈት የተነሳው በኦገስት 2007 ከተቀመጠ የጌሙ ቅጂ ነው።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ እወቁ። በሁለቱም ቦታ የድሮ ካራክተራችሁ አይጠብቃችሁም። ሁሉም ሰው ከዜሮ ነው የጀመረው። ለአንዳንዱ ይህ ደስታ ነው፣ ለአንዳንዱ ልብ የሚሰብር ነገር ነው። ከፍላችሁ ከገባችሁ በኋላ ከምትሰሙት አሁን ብትሰሙት ይሻላል።

የናፈቋችሁ ሰዎቹ ከሆኑ ደግሞ ገና ምንም አታውርዱ። ቀድማችሁ ቁጥር 8ን አንብቡ።

2. አካውንቱን አድኑ

መጀመሪያ የምትከፍቱት ኢሜይላችሁን ነው። ጌሙ የተመዘገበበት የድሮ ኢሜይል ዛሬም ይከፈትላችኋል? ብዙ ሰው የሚደናቀፈው እዚህ ጋ ነው። የፓስወርድ ማደሻ ሊንኩ ይላካል፤ የሚሄደው ግን ከተዘጋ ዓመታት ወደ ሆነው ሳጥን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ኢሜይሉ፣ ከዚያ የጌሙ ፓስወርድ፣ ከዚያ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫው።

ማረጋገጫው ላይ ትንሽ ልቆይ። ኮድ የሚሰጣችሁ አፕ የነበረው አሮጌው ስልክ ላይ ነው። ስልኩ መሳቢያ ውስጥ ካለ ቻርጅ አድርጉትና ክፈቱት። ብዙዎቹ የኮድ አፖች ሲም ካርድም ኢንተርኔትም አይፈልጉም፤ የስልኩ ሰዓት ትክክል ከሆነ ኮዱን ይሰጧችኋል። ስልኩ ከጠፋ የደንበኞች አገልግሎት ጋ መሄድ ነው። ባዶ እጃችሁን ግን አትሂዱ። የካራክተሩን ስም፣ የሰርቨሩን (የተጫወታችሁበትን የጌሙ ዓለም) ስም፣ የተመዘገባችሁበትን ዓመት አካባቢ፣ ከተገኘም የድሮ የክፍያ ደረሰኝ ይዛችሁ ጻፉላቸው። ደረሰኙ ያለው ኢሜይላችሁ ውስጥ ነው፤ የጌሙን ስም ጽፋችሁ ፈልጉት።

ስትፈልጉ ሌላ ዓይነት መልእክትም ታገኛላችሁ። "አካውንትዎ ሊዘጋ ነው፣ እዚህ ይጫኑ" የሚል። አትጫኑት። የጌሙን አድራሻ ራሳችሁ ብሮውዘር ላይ ጽፋችሁ ግቡ። ለዓመታት የተተወ አካውንት ሌቦች የሚወዱት ዓይነት ነው፤ ባለቤቱ ስለማያየው። ገብታችሁ ዕቃው ሁሉ ተራግፎ ካገኛችሁት ወዲያው ሪፖርት አድርጉ። የጠፋውን የሚመልሱ ጌሞች አሉ።

ክፍያን በተመለከተ ሕጉ ከጌም ጌም ይለያያል፤ እናንተ ከሄዳችሁ ወዲህም ተለውጦ ሊሆን ይችላል። ኤልደር ስክሮልስ ኦንላይን በኤፕሪል 2014 ሲወጣ ወርሃዊ ክፍያ ግዴታ ነበር፤ በማርች 2015 ቀረ። በወርሃዊው ምክንያት ትታችሁት ከነበር ዛሬ በገዛችሁት ጌም ብቻ መግባት ትችላላችሁ። የጊልድ ዋርስ 2 መሠረታዊ ክፍል ከ2015 ጀምሮ በነጻ ነው። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት እስከ ሌቭል (የካራክተር ደረጃ) 20 ሳይከፍሉ ያጫውታል፤ የናፈቃችሁ ነገር አሁንም እዚያ እንዳለ ለማየት ይበቃል። ፋይናል ፋንታሲ 14 እስከ ሌቭል 70 የሚያደርስ ሰፊ የነጻ ሙከራ አለው። ነገር ግን ሙሉውን ጌም አንድ ጊዜ የገዛ አካውንት ወደ ነጻው ሙከራ አይመለስም፤ የድሮ ካራክተራችሁን ለማግኘት መክፈል የግድ ነው።

ስትከፍሉ የአንድ ወር ብቻ ክፈሉ። በዚያው ቀን በራሱ የሚታደሰውን ክፍያ አጥፉት። የከፈላችሁበት ወር እስኪያልቅ መጫወታችሁ አይቋረጥም።

3. ማውረዱን ለማታ አትተዉት

ዛሬ ትልልቆቹ ጌሞች ከ100 ጊጋባይት በላይ ቦታ ይወስዳሉ። "ዛሬ ማታ እገባለሁ" ብላችሁ ማታውኑ ማውረድ ብትጀምሩ ያ ማታ መቶኛውን ሲያዩ ማደር ነው። ከአንድ ቀን በፊት ጀምሩ። ኤስኤስዲ (ፈጣን የማከማቻ ዲስክ) ካላችሁ እሱ ላይ ጫኑት፤ ከቦታ ቦታ ስትሄዱ የምትጠብቁት ጊዜ በጣም ያጥራል።

ጌሙ በኮምፒውተሩ ላይ ቀርቶ ከነበር የድሮዎቹ አድኦኖች (በጌሙ ላይ የሚጨመሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች) ይረብሿችኋል። ከ4 ዓመት በፊት የተጻፈ አድኦን በዛሬው ጌም ላይ ስህተት ይዘረግፋል፣ መስኮቶችን ይሸፍናል። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ላይ የአድኦኖቹ ፎልደርና የሴቲንጎቹ ፎልደር ለየብቻ ናቸው። ሁለቱንም ስማቸውን ቀይሩ፤ መጨረሻቸው ላይ "የድሮ" ብላችሁ ጨምሩበት። አታጥፏቸው። ጌሙ ሲከፈት ንጹሕ አዲስ ፎልደር ይፈጥራል፣ የድሮውም ሴቲንግ ቢያስፈልጋችሁ ተቀምጧል። ለመጀመሪያው ሳምንት ያለ ምንም አድኦን ተጫወቱ። ድሮ በአድኦን ብቻ ይገኝ የነበረው ብዙ ነገር ዛሬ ጌሙ ውስጥ ገብቷል።

4. ግቡ፣ ምንም ግን አትሽጡ

የመጀመሪያው ቀን ሥራ ማየት ብቻ ነው። ቁሙ። ዙሩ። ካሜራውን አሽከርክሩ። ስኪል መጫን እንኳ አያስፈልግም።

ስትገቡ መስኮት በመስኮት ላይ ይከፈታል። ስጦታ፣ የመመለሻ ሽልማት፣ አዲስ ማስፋፊያ፣ የሱቅ ቅናሽ። ሁሉንም ዝጉ። ከመዝጋታችሁ በፊት ግን "ዛሬ ይጀምራል" የሚል ካለ አንብቡት። አንዳንድ ጌም ለተመላሾች የሚሰጠው ሽልማት በቀን የተቆጠረ ነው፤ ከተጫናችሁበት ቀን ጀምሮ 14 ወይም 30 ቀን ይሰጣችኋል። ሰፋ ያለ ጊዜ የሚኖራችሁ ቅዳሜ ከሆነ ቅዳሜ ጀምሩት።

ቀጥሎ ቦርሳው። እዚህ ላይ ከራሴ የደረሰውን ልንገራችሁ። በመጀመሪያው አመጣጤ ቦርሳዬ መሙላቱ አናደደኝና ያላወቅኩትን ሁሉ ለነጋዴው ሸጥኩ። ከሸጥኳቸው አንዱ ግራጫ ድንጋይ የሚመስል ነገር ነበር። በኋላ ስጠይቅ፣ ጌሙ ውስጥ መገኘቱ የቀረ የፈረስ መጥሪያ ቁራሽ ሆኖ ተገኘ። ሦስቱን ቁራሽ ሰብስቤ ነበር፤ የቀረኝ አንድ ነበር። ነጋዴው የሸጣችሁለትን የሚመልሰው ለጥቂት ጊዜ ነው። እኔ የደረስኩት ከ2 ወር በኋላ ነው።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ሳምንት ሽያጭ የለም። ቦርሳው ከሞላባችሁ ሁሉንም ጠቅልላችሁ የጌሙ ባንክ (የዕቃ ማስቀመጫ) አስገቡት። ባንኩም ከሞላ ርካሽ የሆነ ትንሽ ቦርሳ ጨምሩ።

የጠፋ ነገርም ይኖራል፤ ልባችሁን አዘጋጁ። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ውስጥ ፖስታ ሳጥን ውስጥ የተተወ ዕቃ ከ30 ቀን በላይ አይቆይም። በፋይናል ፋንታሲ 14 ደግሞ ባለቤቱ 45 ቀን ያልገባበት ቤት ወደ መፍረስ ይሄዳል። ሰርቨራችሁ ከሌላ ጋር ተዋህዶ፣ የካራክተራችሁ ስም በሌላ ሰው ተይዞ ልታገኙትም ትችላላችሁ። ስሙ ሲጠፋ የሚሰማውን አውቀዋለሁ፤ ቀላል አይደለም። አዲሱን ስም በችኮላ አትምረጡ።

5. እጃችሁን አስተምሩ

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚጠይቀው ይሄ ነው። እኔም ያን ቀን የወደቅኩት እዚህ ላይ ነው።

ጣት የራሱ ትዝታ አለው። ከዓመታት በፊት 2 ቁጥር ላይ ያስቀመጥኩት ፈጣኑን ፈውስ ነበር። እኔ በሌለሁበት ያ ስኪል ጠፋ፤ በቦታው ሌላ ገባ፤ አንድ ጊዜ ከተጫነ 3 ደቂቃ የማይመለስ። የታንካችን (የጠላትን ምት የሚቀበለው ተጫዋች) ደም ሲወርድ ጣቴ 2ን ይመታል። ምንም የለም። ደግሞ ይመታል። ምንም የለም። ዓይኔ ያንን እያየ እንኳ ጣቴ ሊያቆም አልቻለም። ሰዎቹ የሞቱት በዚህ ነው።

መፍትሔው ሰሌዳውን ማጽዳት ነው። መጀመሪያ ያለውን አደራደር በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ከዚያ ሁሉንም አዝራር ጎትታችሁ አውጡ። አንድም አይቅር። የስኪሉን መጽሐፍ ክፈቱና ከላይ ጀምራችሁ አንድ በአንድ አንብቡ። ማውሱን ስኪሉ ላይ ስታቆሙ የሚወጣውን ማብራሪያ እስከ መጨረሻው መስመር። "አውቀዋለሁ" ብላችሁ የምታልፉት ስኪል ነው በኋላ የሚጎዳችሁ፤ ስሙ የድሮው ሆኖ ሥራው ሌላ ሊሆን ይችላል።

ካነበባችሁ በኋላ አራት ብቻ መልሳችሁ አስቀምጡ። ቶሎ ቶሎ የምትጫኑት አንድ። ጠንከር ብሎ የሚመታ ወይም የሚፈውስ አንድ። ራሳችሁን የምትከላከሉበት አንድ። ከአደጋ የምታመልጡበት አንድ። የምታስቀምጡትም በስም ሳይሆን በሥራው ይሁን። 2 ላይ ፈጣን ፈውስ ከነበረ፣ ዛሬ ያንን ሥራ የሚሠራው ማንም ይሁን ማን 2 ላይ ይግባ። የጣታችሁ ትዝታ ያን ጊዜ ከእናንተ ጋር ይሆናል።

በእነዚህ አራቱ ብቻ ከእናንተ ሌቭል ዝቅ ያሉ ጭራቆች ወዳሉበት ሂዱ። 20 ደቂቃ። የምታሸንፉትን እየመረጣችሁ። በማግስቱ ሁለት ጨምሩ። በሳምንቱ መጨረሻ ሰሌዳው ሞልቶ ታገኙታላችሁ፤ እያንዳንዱንም ታውቁታላችሁ።

ሌላም መንገድ አለ፤ እኔ በጣም የምወደው ይሄኛውን ነው። የድሮዋን ካራክተር አቆዩአትና በዚያው ክላስ (የካራክተር ሙያ) አዲስ ካራክተር ክፈቱ። ጌሙ ስኪሉን አንድ በአንድ እየሰጠ ያስተምራችኋል። እናንተ ከሄዳችሁ ወዲህ የጀማሪዎቹ ትምህርት በጣም ተሻሽሏል። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ከ2020 ጀምሮ ኤግዛይልስ ሪች የምትባል የጀማሪ ደሴት አላት፤ ሌቭል 10 ላይ ታበቃለች፣ አንድ ምሽት አትፈጅም። ፋይናል ፋንታሲ 14 ደግሞ ሆል ኦፍ ዘ ኖቪስ የሚባል ቦታ አለው፤ ታንክ፣ ሂለርና ተዋጊ ምን እንደሚሠራ በትንንሽ ልምምድ ያሳያል። ልምድ አለኝ ብላችሁ አትዝለሉት።

ቁጥሮቹ ካነሱባችሁ አትደንግጡ። በ2020 ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ሌቭሎቹን ጨመቃቸው፤ 120 የነበረ ካራክተር 50 ሆነ። የደሙም የምቱም ቁጥር አብሮ ወረደ። የተወሰደባችሁ ነገር የለም፤ መለኪያው ነው የተቀየረው።

የታለንት ዛፉ (ተጨማሪ ችሎታ የሚመረጥበት ሰንጠረዥ) ዓይናችሁን ካፈዘዘው ለጊዜው ጌሙ ያዘጋጀውን ምረጡ። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ዛፎቹን በ2022 ሲመልስ ለጀማሪ የሚሆን ዝግጁ አሞላል አብሮ ሰጥቷል። ከ2025 ጀምሮም ቀጥላችሁ የትኛውን ስኪል መጫን እንዳለባችሁ እያበራ የሚያሳይ መርጃ ገብቶበታል። ተጠቀሙበት። ጎበዞቹ የሚጽፉትን ረጃጅም ትንታኔ ለሁለተኛው ወር አቆዩት።

6. ትጥቁ

አጭር ነው። የድሮው ምርጥ ትጥቃችሁ በአብዛኛው ጌም ዛሬ ዋጋ የለውም። አዲስ ማስፋፊያ ሲወጣ የመጀመሪያው ተልዕኮ የሚሰጣችሁ ተራ ጫማ ያኔ ወር የለፋችሁበትን ይበልጠዋል። ስለዚህ የድሮውን ትጥቅ ለማሻሻል ወርቅ አታውጡ።

ከዚህ ወጣ የሚለው ጊልድ ዋርስ 2 ነው። በ2012 ሲወጣ የሌቭል ጣሪያው 80 ነበር፤ ዛሬም 80 ነው። ያኔ የሠራችሁት ከፍተኛ ትጥቅ ዛሬም ይሠራል። ረጅም እረፍት እየወሰደ ለሚጫወት ሰው ከዚህ የተሻለ ጌም አላውቅም። ኢቭ ኦንላይንም በራሱ መንገድ ደግ ነው፤ የተማራችሁት ስኪል እንደተማራችሁት ይቆያል፣ ከ2016 ጀምሮም ሳትከፍሉ ገብታችሁ በከፊሉ መጠቀም ትችላላችሁ።

7. አንድ ታሪክ ብቻ ያዙ

የተልዕኮ ዝርዝራችሁን ስትከፍቱ 20 ያላለቀ ነገር ታያላችሁ። ከ3 ማስፋፊያ የተራረፈ። ማን ምን እንደላካችሁ አታስታውሱም። ዋናውን ታሪክ ብቻ አስቀሩና የቀረውን ሰርዙት። የጎን ተልዕኮ ሰጪውን ሄዳችሁ ብታናግሩት አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ይሰጣችኋል።

ከዚያ ጌማችሁ የትኛው ዓይነት እንደሆነ እወቁ። ፋይናል ፋንታሲ 14 ውስጥ ታሪኩ እንደ ሰንሰለት ነው፤ ያቆማችሁበትን ቀለበት ሳትጨርሱ አዲሱ አይከፈትም። መልካሙ ነገር፣ እንግዳ ማረፊያ ክፍላችሁ ውስጥ ያያችኋቸውን ትዕይንቶች እንደገና የሚያሳይ መጽሐፍ አለ። የመጨረሻዎቹን አምስት ስድስቱን ተመልከቱ። የማን ልብ እንደተሰበረ፣ ማን እንደከዳ ትዝ ይላችኋል። ኤልደር ስክሮልስ ኦንላይን በተቃራኒው ከኦክቶበር 2016 ጀምሮ ዓለሙን ሁሉ ከተጫዋቹ ሌቭል ጋር አስተካክሎታል፤ ደስ ያላችሁ አገር ገብታችሁ መጀመር ነው። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ውስጥ ሌቭላችሁ ከደረሰ መሀል ያሉትን ማስፋፊያዎች ትታችሁ ቀጥታ ወደ አዲሱ መሄድ ትችላላችሁ።

ሌቭል በገንዘብ መግዛትም አለ። ለተመላሽ ሰው አልመክርም። ሌቭሉን ትገዛላችሁ፤ ጣታችሁ ግን ከላይ በክፍል 5 የጻፍኩትን አልተማረም። በአንድ ጊዜ 30 ስኪል ከነሙሉ ሰሌዳው ይሰጣችኋል፣ ከዚያ እኔ የገባሁበት ውስጥ ትገባላችሁ።

8. ሰዎቹ

የጓደኞች ዝርዝሬን ስከፍት 41 ስም ነበር። ሁሉም ግራጫ። ከስሙ አጠገብ "ከ2 ዓመት በፊት"፣ "ከ3 ዓመት በፊት" ይላል። እያንዳንዱን አነበብኩ። አንዷ ልጅ ሁልጊዜ ሌሊት ላይ ነበር የምትገባው፣ ልጇን ካስተኛች በኋላ። አንዱ ከመዋጋት ይልቅ ዓሣ ማጥመድ ይወድ ነበር። ወደ ታች ስወርድ አንዱ ስም በርቶ አገኘሁት። አንድ ብቻ። ሰላምታ ለመጻፍ 10 ደቂቃ ፈጀብኝ።

ያን ያህል መፍራት አያስፈልግም ነበር። እንዲህ ያለ አጭር ነገር ይበቃል፦ "ሰላም፣ ታስታውሰኝ እንደሆነ አላውቅም። አንድ ላይ ሬይድ እንገባ ነበር። ዛሬ ተመለስኩ፣ ስምህን ሳይ ደስ አለኝ።" (ሬይድ ትልቅ የቡድን ውጊያ ነው።) ይቅርታ አትጠይቁ። ለምን እንደጠፋችሁ አታብራሩ። ጌም ትቶ የሄደ ሁሉ ምክንያት አለው፤ የቀረውም ያውቃል።

ከጌሙ ውጭ የምታውቋቸው ካሉ ከመክፈላችሁ በፊት በስልክ ጠይቋቸው። የትኛው ሰርቨር ላይ ናቸው? የትኛው ወገን? በየትኛው ቀን ይገባሉ? ካራክተር ከሰርቨር ሰርቨር ማዛወር ገንዘብ የሚያስከፍልበት ጌም አለ። እነሱ ወዳሉበት ቀጥታ መግባት ይሻላል።

የድሮው ጊልድ (የተጫዋቾች ማኅበር) ቤቱ ባዶ ከሆነ አዲስ ፈልጉ። ትልቁንና ዝነኛውን ተዉት። "ተመላሾችን እንቀበላለን" የሚል፣ እናንተ በምትገቡበት ሰዓት ሰው ያለበት ይበቃል። ፋይናል ፋንታሲ 14 ለ45 ቀንና ከዚያ በላይ ጠፍቶ ለመጣ ሰው የተመላሽ ምልክት ከስሙ አጠገብ ያደርግለታል፣ የጀማሪዎች መረዳጃ ቻት ውስጥም መግባት ይቻላል። ምልክቱ አያሳፍርም። ሰው አይቶት ይረዳችኋል።

ለመጀመሪያው ዳንጀን ሰው አያስፈልጋችሁም። ፋይናል ፋንታሲ 14 የዋናውን ታሪክ ዳንጀኖች በጌሙ ካራክተሮች ታጅባችሁ እንድትገቡ ይፈቅዳል። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍትም ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ እንዲህ ያለ ነገር አለው። እዚያ ቆም ብላችሁ ብታነቡ የሚቆጣ የለም። ሁለት ሦስት ጊዜ ግቡበት።

ከዚያ ከሰው ጋር። መጀመሪያ ተዋጊ ሆናችሁ ግቡ፤ ታንክነቱና ሂለርነቱ ይቆይ። ተዋጊ ቢሳሳት ቡድኑ ይሸከመዋል። በር ላይ ገና ሳትጀምሩ ጻፉ፦ "ከብዙ ዓመት በኋላ ነው የተመለስኩት፣ ይህን ዳንጀን አላውቀውም፣ የሚጠነቀቁበት ነገር ካለ ንገሩኝ።" እኔ ያን ቀን ይህን አንድ መስመር ብጽፍ ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር። ሁለተኛ ጊዜ ስገባ ጻፍኩት። ታንኩ ቆመ። "እሺ፣ ሁለተኛው ቦስ ክንፉን ሲዘረጋ ከኋላው ሁን" አለኝ። ክንፉን ሲዘረጋ ከኋላው ነበርኩ።

9. ሰዓቱ

ዛሬ ያሉት ጌሞች የዕለት ሥራ፣ የሳምንት ሥራ፣ የወቅት ሽልማት የሚሉት ነገር አላቸው። ዝርዝሩን ስታዩ ሁሉም አስቸኳይ ይመስላል። ለመጀመሪያው ወር አንድ ብቻ ምረጡ። ለምሳሌ የሳምንቱን አንድ ሥራ። ሌላው ይለፋችሁ፤ በሚቀጥለው ወቅት ሌላ ይመጣል።

ጌሙን ያኔ የተዋችሁት እንቅልፍ ስላሳጣችሁ ከነበር፣ ከሥራ ወይም ከቤተሰብ ስላጣላችሁ ከነበር፣ ይህ ክፍል ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ይመለከታችኋል። ከመግባታችሁ በፊት የስልክ ደወል ሙሉ። ከሰዎች ጋር ሬይድ ለመግባት ቃል አትግቡ፤ ቃል ከገባችሁ መውጣት ይከብዳችኋል። ቤት ውስጥ ላለ ሰው "ተመልሼ ጀምሬያለሁ፣ በዚህ ሰዓት እዘጋለሁ" ብላችሁ ንገሩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የድሮው ነገር ብቅ ሲል ካያችሁ፣ የሚታደሰው ክፍያ ቀድሞ ጠፍቷል። ወሩ ሲያልቅ በሩ በራሱ ይዘጋል።

10. አሁን ቦርሳውን ክፈቱ

አንድ ሳምንት አልፏል። ስኪሎቹን ታውቃላችሁ፣ አንድ ዳንጀን ወጥታችኋል፣ የነጋዴው ዋጋ ገብቷችኋል። ባንክ ያስገባችሁትን አውጡት።

ማውሱን ዕቃው ላይ እያቆማችሁ ሂዱ። የድሮ ማስፋፊያ መድኃኒትና ማጠናከሪያ ይሸጥ። የድሮ የዕደ ጥበብ ጥሬ ዕቃ ግን ከነጋዴው በፊት የጨረታ ቤት ላይ ዋጋው ይታይ፤ ማንም ስለማይሰበስበው ተወድዶ ሊሆን ይችላል። ትጥቅ ከመሸጡ በፊት መልኩ ወደ ስብስባችሁ መግባቱን አረጋግጡ፤ ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ከ2011 ጀምሮ የድሮ ልብስን መልክ በአዲሱ ላይ ማልበስ ይፈቅዳል፣ ሌሎችም ተከትለውታል። "ይህ ዕቃ ከእንግዲህ አይገኝም" የሚል ማብራሪያ ያለበትን ምንም ቢሆን አትንኩ። የማታውቁትን ዕቃ ስሙን ፈልጋችሁ አንብቡ። ፈልጋችሁም ካጣችሁ ለሌላ ወር ባንክ ይቆይ።

እኔ ስጨርስ ባንኬ ውስጥ 60 ባዶ ቦታ ተገኘ። አንድ ቀለበት ግን ቀረ። ሌቭሉ ዝቅተኛ ነው፣ ነጋዴው የሚሰጠው ሽርፍራፊ ነው። ማውሱን ሳቆምበት ከታች በአረንጓዴ የሠራው ሰው ስም ይወጣል። ዓሣ ማጥመድ ይወድ የነበረው ልጅ ነው። መጀመሪያው ረድፍ ላይ፣ ጥግ ላይ አስቀምጬዋለሁ።